«400 ሲሲ ላድርግ ወይስ 350?» የጡት ኢምፕላንት መጠን እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ ነው። ልጄን ጡት ካስጣልኩት ስምንት ወር ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ጡቴ ሟሟ፣ ወረደም። ኢስታንቡል ሄጄ ኢምፕላንት ለማስገባት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ጓደኛዬ 400 ሲሲ አስገብታ በጣም አምሮባታል። እኔ ግን ቀጭን ነኝ፣ 52 ኪሎ ነው የምመዝነው። እንደሷ 400 ላድርግ ወይስ 350 ይበቃኛል? «ትንሽ ካስገባሽ ትቆጫለሽ» የሚሉኝም አሉ። ከዚያ በፊት አብሽና በቴሌግራም የሚሸጠውን ክሬም ልሞክር እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከጀሞ እስከ ሳርቤት፣ ከለቡ እስከ ጎፋ ብዙ ሴቶች ይጠይቁታል፤ ግን በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ ለሚጠየቅ ጥያቄ ቀድሞ የሚመልሰው ሻጭ ስለሆነ በግልጽ ልመልስልዎ። ለ400ውም ለ350ውም መልሴ አንድ ነው፦ ደረትዎ ሳይለካ ቁጥር አይምረጡ። ከተለካ በኋላም በሁለት መጠን መሐል ካመነቱ ወደ ትንሹ ያዘንብሉ። ትንሽ የሆነውን በኋላ መጨመር ይቻላል፤ ከልክ በላይ የተለጠጠና የሳሳ ቆዳ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሲሲ የሚነግረን የኢምፕላንቱን ይዘት ነው፤ ደረት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አይነግረንም። የጡት ማስያዣ ቁጥርም አይደለም። አንድ 300 ሲሲ ኢምፕላንት ዝርግ ተደርጎ ሲሠራ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጠበብ ብሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ተደርጎ ሲሠራ ደግሞ 11 ተኩል ገደማ። ይዘቱ አንድ፣ መልኩ ሁለት። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀዶ ሐኪም ካታሎግ ከመግለጡ በፊት ሜትር ያነሳል። የጡትዎ ግርጌ ከደረት መሐል እስከ ብብት በኩል ምን ያህል እንደሚሰፋ ይለካል። የጡቱን የላይኛውን ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጦ ውፍረቱን ያያል። ቆዳውን ወደ ፊት ስቦ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይመዘግባል። ከጡት ጫፍ እስከ ታችኛው እጥፋት ያለውን ርቀትም ይይዛል። ቁንጥጫው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ኢምፕላንቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻ ሥር እንዲገባ ይመከራል፤ አለዚያ ጠርዙና ሽብሽቡ በቆዳው ላይ ይታያል። እንደ እርስዎ ቀጭን የሆኑ፣ ጡታቸውም ከማጥባት በኋላ የሟሟ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው። አሁን ሒሳቡን ይሥሩት። የጡትዎ ግርጌ 11 ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢሆንና 14 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ኢምፕላንት ቢገባ፣ ትርፉ የሚሄደው ወይ ወደ ብብት ነው፣ ወይ ሁለቱ ጡቶች መሐል ላይ እስኪገናኙ ወደ ደረት አጥንት ነው።

«ጓደኛዬ አምሮባታል» ላሉት፣ እሰየው። ግን በጓደኛ እግር ጫማ አይለካም። የእሷ ደረት ሰፊ፣ የራሷም ጡት ሞላ ያለ ከነበረ 400ው እሷ ላይ ልከኛ፣ እርስዎ ላይ ከልክ ያለፈ ይሆናል። «ትንሽ ካስገባሽ ትቆጫለሽ» የሚለው ክርክር ግን ከበድ ያለ ነው፤ በማላገጥ አላልፈውም። መጠን ለመቀየር ተብሎ የሚደረግ ዳግም ቀዶ ሕክምና በእርግጥም የተለመደ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ትልቅ የሚፈልጉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ታዲያ ጸጸቱን የምናስቀረው አስቀድሞ በመሞከር እንጂ በጭፍን በመጨመር አይደለም። ቀላሉ ሙከራ እቤት የሚሠራ ነው። በሚሊ ሊትር በተከፋፈለ የወጥ ቤት መለኪያ 300 ሚሊ ሊትር (ይኸውም 300 ሲሲ) ሩዝ ይስፈሩ፣ ቁራጭ ስቶኪንግ ውስጥ ጨምረው ይቋጥሩ፣ ለሁለተኛውም እንዲሁ ያድርጉና በስፖርት ጡት ማስያዣ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ከዚያ መስተዋት ፊት ብቻ አይቁሙ። ታክሲ ይሳፈሩ፣ ደረጃ ይውጡ፣ ልጅዎን ይታቀፉ፣ ሸሚዝዎን ይልበሱ፤ ጥቂት ቀን እንዲህ ይዋሉ። ከዚያ 250ውንና 350ውን ይሞክሩ። ሩዝ በኢምፕላንቱ ውስጥ ካለው ሲሊኮን ቀለል ስለሚል እውነተኛው ክብደት ከሚሰማዎ ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ባለ 400 ሲሲ ኢምፕላንት 800 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ማታ ከጡት ማስያዣ ጋር ወልቀው አይቀመጡም። ከልክ ያለፈ መጠን ቆዳውን ያሳሳል፣ ጡቱን ወደ ታች ይጎትታል፣ አንገትና ትከሻን ያሳምማል፣ የጡት ጫፍን ስሜት የማደንዘዝ ዕድሉም ይጨምራል።

«ወረደ» ያሉትን ቃል ሳልነካ አላልፍም፤ ከ400ው ይልቅ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነውና። ኢምፕላንት ይሞላል እንጂ አያነሳም። ቆመው ሲታዩ የጡት ጫፍዎ ከታችኛው እጥፋት በታች ከሆነ የሚያስፈልግዎ ጡት የማንሳት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለብቻው ወይም ከአነስተኛ ኢምፕላንት ጋር። ብዙዎች የማንሳቱን ጠባሳ ፈርተው «ትልቅ ይግባና ቆዳውን ይሙላው» ይላሉ። ይህ ለጥቂት ጊዜ ያምራል፤ ከዚያ ክብደቱ የወረደውን ይብሱን ያወርደዋል። ልጅ መድገም ካሰቡ ደግሞ ቢጠብቁ ይሻላል፤ እርግዝናና ማጥባት መልሶ ይለውጠዋል። ካስጣሉ ስምንት ወር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ጡት ወደ ቅርጹ ለመርጋት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለቅንጦት ነው» ማለቱ አይቀርም። አልስማማም። በካንሰር ምክንያት ጡቷ ለተነሳ ሴት ኢምፕላንት የሚመረጠውም በዚሁ ልኬት ነው፤ ዕውቀቱ አንድ ነው። በአገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና እንደ የካቲት 12 እና አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ስሙ የታወቀው በቃጠሎና በጉዳት ጥገና ነው፤ ይህ ግን መልኳን ማስተካከል የፈለገችን ሴት ለመገሠጽ ፈቃድ አይሰጠንም። የምገሥጸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳይመረመሩ መሄድን። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፣ ብዙዎችም ዘግይተው ነው የሚመጡት። ከቀዶው በፊት ጡትዎን በሐኪም ያስመርምሩ፤ በእርስዎ ዕድሜ አልትራሳውንድ ይበቃ ይሆናል።

አብሽ? ለወጥና ለሻይ። ጡት እንደሚያሳድግ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብዝቶ ቢጠጣው ደግሞ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ይችላል። በቴሌግራም የሚሸጠው ክሬም ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት ከሆነ ሆርሞን ሊኖርበት ይችላል። በገጠር አንዳንድ ልጃገረዶች ወንዝ ወርደው የውኃ ጥንዚዛ ይዘው የጡት ጫፋቸውን ያስነክሳሉ፤ የሚያድግ የሚመስለው እብጠቱ ነው፣ ሲበርድ ይጎድላል። ክሬሙ ከጥንዚዛው የሚለየው በዋጋው ነው። ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ ጡት ውስጥ እንወጋለን የሚል ሰው ካገኙ ግን አይከራከሩ፣ ይውጡ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ሰው ለመጠን ወራት ይጨነቅና ስለ ኢምፕላንቱ ማንነት ሳይጠይቅ ይተኛል። ፒአይፒ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን በኢምፕላንቶቹ ውስጥ ሲሞላ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጋለጠ፤ ምርቱን በብዙ አገሮች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አስገብተውት ነበር፣ መሥራቹም በ2013 አራት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሻካራ ገጽ ኢምፕላንቶቹን ከመላው ዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ በኢምፕላንት ዙሪያ ከሚነሳ፣ እምብዛም ከማያጋጥም የሊምፍ ካንሰር ጋር ስለተያያዙ ነው። ስለዚህ የአምራቹን ስም፣ ገጹ ለስላሳ ወይም ሻካራ መሆኑን፣ ሲሲውንና መለያ ቁጥሩን የያዘ ካርድ ሳይቀበሉ አይመለሱ። እዚህ አገር የሚያስገቡ ከሆነም ዕቃው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ብስጭቴ ከቀዶው በኋላ ነው። ሕመሙ ሲቀል የታዘዘውን አንቲባዮቲክ በሦስተኛው ቀን ማቆም፣ ቁስሉ ላይ ቅቤና ማር መቀባት፣ በሳምንቱ ልጅ ማዘል፣ ጡቱ ሲጠነክር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሸት። ጡት የሚጠነክረው ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚሠራው የጠባሳ ከረጢት ሲጨመደድ ነው፤ ወጌሻ አይፈታውም፣ ሊያፈነዳው ግን ይችላል። ትኩሳት፣ መቅላት፣ መግል፣ የአንድ ጡት ድንገተኛ ማበጥ ካዩ ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከቀዶ በኋላ ረጅም በረራ የደም መርጋትን ያባብሳል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ቢያብጥም «ቀድሞ የተሠራ ነው» ብለው አይቀመጡ፤ ያ የሊምፍ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሐኪም ሲመረምርዎ ደግሞ አፍረው ኢምፕላንት እንዳለዎ አይደብቁ።

«ዋናው አንዴ ማስገባት ነው» የሚለውም ስህተት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 በኢምፕላንቶች ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ሲሊኮን ላስገቡ ሴቶች ደግሞ ሕመም ባይሰማቸውም ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ለአንድ ቀዶና ለአንድ ትኬት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ገና አልበቃም። የዳግም ቀዶውንና የክትትሉን ወጪ ይደምሩበት፣ እዚህ ሲመለሱ የሚከታተልዎን ሐኪም ሳይሄዱ ያግኙ፣ የኢስታንቡሉንም ሐኪም ቁጥር ከመስማትዎ በፊት «ደረቴን ሲለኩ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። በፎቶ አይቶ «400 ይሆናል» ካለዎ፣ ቅድሚያ ክፍያውን አይላኩ።