ስለ ጥንቱ ባለቀለም የመታጠቢያ ቤት ዕቃና ስለ አያያዙ

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው፣ ሰው በቤቱ የሚገኘውን መልካም ዕቃ ብዙ ጊዜ ዋጋውን ሳያውቅ ያስጥለዋል። ለዚህ ማስረጃ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በቆዩ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ባለቀለም የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው። ባለቀለም ዕቃ ማለት የገላ መታጠቢያው ገንዳ፣ የእጅ መታጠቢያውና የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሦስቱም በአንድ መልክ ተሠርተው በአንድነት የተሸጡት ማለት ነው። በዋሺንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ፤ በዚያም አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው፣ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። ስለዚህ ነገሩ ለቤት ገዢውም ሆነ ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በ1955 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ ቤት ገዛ እንበል። መታጠቢያ ቤቱን ቢከፍት ገንዳው ሮዝ፣ የእጅ መታጠቢያው ሮዝ፣ የግድግዳው ሴራሚክም ሮዝ ሆኖ አገኘው። የጠራው ሠራተኛም «ይህ ሁሉ ያረጀ ነው፤ ተነቅሎ ነጭ ይግባበት» ሲል መከረው። ነጋዴው እሺ ከማለቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ ቀጥሎ በየተራቸው ተገልጸዋል።

1ኛ/ የዕቃው አመጣጥ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በአብዛኛው ነጭ ነበር። ምክንያቱም ያን ጊዜ ስለ ጀርም አዲስ ዕውቀት ስለ ተስፋፋ፣ እድፍ ቢኖር ወዲያው የሚታይበት ነጭ መልክ የንጽሕና ምልክት ሆኖ በመቆጠሩ ነው። በ1927 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የሚገኘው የኮህለር ኩባንያ ስድስት ዐይነት ባለቀለም ዕቃ ለገበያ አቀረበ። እነዚህም የፀደይ አረንጓዴ፣ ቀላል ሐምራዊ፣ የበልግ ቡኒ፣ የዝሆን ጥርስ መልክ፣ ሰማያዊና አመድማ ነበሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የእጅ መታጠቢያውና መቀመጫው ከሸክላ ተሠርተው 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል እሳት ይተኮሳሉ፤ ገንዳው ግን ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ተሠርቶ በላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ የሚቀልጥ ልባስ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይጋገርበታል። ቀለሙን የሚሰጡት እንደ ኮባልት፣ እንደ መዳብና እንደ ክሮም ያሉ የማዕድን ውሕዶች በልዩ ልዩ ሙቀት ልዩ ልዩ መልክ ስለሚያወጡ፣ በሸክላና በብረት ላይ አንድ ዐይነት ቀለም ለማግኘት ብዙ ድካም አስፈልጓል። እንግዲህ ዛሬ ሠራተኛው በመዶሻ ሊሰብረው የሚነሣው ዕቃ ይህን ያህል ጥበብ የፈሰሰበት ነው። በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዚሁ ኩባንያ ጥቁር የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በኤግዚቢሽን እንዲታይ አድርጓል።

በ1953 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሥልጣን ሲይዙ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሚ ሮዝ ቀለም አብዝተው ይወዱ ስለ ነበር፣ በዚያ ዘመን ሮዝ መታጠቢያ ቤት በአሜሪካ እጅግ ተስፋፋ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመታት የአቮካዶ መልክ ገበያውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ነጭ ተመልሶ ስለ ነገሠ ባለቀለሙ ተናቀ። ይሁን እንጂ ኮህለር በ2023 ዓ.ም. 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከቀድሞ መልኮቹ መካከል ሕዝቡ እንዲመርጥ አድርጎ ሁለቱን፣ የፀደይ አረንጓዴንና የኮክ አበባ የሚመስለውን ሮዝ፣ እንደ ገና ለገበያ አውጥቷል። ከዚህም የገበያ ፍላጎት እንደ መንኰራኩር እንደሚዞር ነጋዴ ሊማር ይችላል።

2ኛ/ ዕቃውን ስለ መመርመር

ስለ ጌጥ ከመታሰቡ በፊት ዕቃው ደኅና መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መጀመሪያ ማግኔት ገንዳው ላይ ይደረግ፤ ከያዘ ብረት ነው። በጣት ሲመታ ድምፁ የታፈነ ከሆነ በቅርጽ የፈሰሰው ወፍራም ብረት ነው፤ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኽ ከሆነ ግን ስስ ብረት ነው። ወፍራሙ ብረት ገንዳ ብዙውን ጊዜ ከ130 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ነቅሎ ማውጣቱ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። ቀጥሎ የሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ይገልበጥ፤ በብዙ የአሜሪካ ዕቃዎች ላይ የተሠራበት ዘመን ከክዳኑ በታች ወይም ከማጠራቀሚያው ውስጥ ታትሞ ይገኛል።

ሸክላው ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ እንደ ሆነ አይጠገንም፤ መለወጥ አለበት። ከሴራሚኩ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ በጣት ሲገፋ የሚለሰልስ ከሆነም ሴራሚኩን ማዳን አይቻልም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተበላሸ ጎሚኒና የጠቆረ የሴራሚክ መሙያ ግን ጥቂት ገንዘብ የሚፈልጉ ነገሮች ስለ ሆኑ ዕቃውን ለማስጣል ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።

3ኛ/ ስለ ቀለም አመራረጥ

በፓሪስ በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያውን ክፍል ይመራ የነበረው ኬሚስት ሼቭረል በ1839 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀለም በአጠገቡ ባለው ሌላ ቀለም ምክንያት ተለውጦ እንደሚታይ አስረድቷል። ለመታጠቢያ ቤትም ዋናው ሕግ ይኸው ነው። ሮዝ ገንዳ በአረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ሮዝነቱ ይጨምራል፤ በአመድማ አጠገብ ሲሆን ግን ይረጋል። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የጠራ ነጭ ቀለም መቀባት ነው። ብዙ ሰው ነጭ ሁሉን ያስማማል ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን እንደ በረዶ የነጣ ግድግዳ የቆየውን ዕቃ እድፍ የያዘው አስመስሎ ያሳያል። በዚህ ፈንታ ወደ ወተት ወይም ወደ ዝሆን ጥርስ የሚያደላ ለስላሳ ነጭ ቢቀባ ዕቃው ያምራል።

በጠቅላላው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የዕቃውን ቀለም ወገን መከተል ነው፤ ማለት ለሰማያዊ ዕቃ ከርሱ የቀለለ ሰማያዊ ግድግዳ ማድረግ ነው። ይህ ክፍሉን ሰፊና ጸጥተኛ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ተቃራኒ ቀለም በጥቂቱ ማግባት ነው፤ ለሮዝ ዕቃ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ የሴራሚክ ጠርዝ፣ ለአረንጓዴ ዕቃ ጥቁር ጠርዝ ከክሬም ግድግዳ ጋር፣ ለአቮካዶ መልክ ደግሞ የእንጨት ቡኒና የሸክላ ቀለም ይስማማሉ። ሦስተኛው ዕቃው ብቻ እንዲታይ ሌላውን ሁሉ በለስላሳ ነጭና በአመድማ መያዝ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከሦስት ቀለም ማብዛት አይገባም፤ አንዱ ይብዛ፣ ሁለተኛው ይነስ፣ ሦስተኛው በፎጣ ወይም በመጋረጃ ላይ ብቻ ይታይ።

ቀለም በሱቅ ውስጥ ካለው ትንሽ ወረቀት ላይ አይመረጥም። ግማሽ ሜትር በሚያህል ሰሌዳ ላይ ተቀብቶ፣ በገንዳው አጠገብ ቆሞ፣ ጧትም ማታም መታየት አለበት። የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ለሮዝና ለቢጫ ይስማማል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀዝቃዛ ብርሃን ግን ሮዙን አመድ ያስመስለዋል። አምፖል ሲገዛ ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታው ከ100 ቢያንስ 90 መሆኑ በካርቶኑ ላይ ይመልከቱ።

የተሰበረ ሴራሚክ መተካትም ዘዴ ይፈልጋል። የጥንቱ የአሜሪካ የግድግዳ ሴራሚክ በአብዛኛው በያንዳንዱ ጎን 10.8 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ በሴንቲ ሜትር ልክ የሚሠራው አዲሱ ሴራሚክ አይገጥመውም። ስለዚህ ከበር በስተኋላ ወይም ከማይታይ ስፍራ ጥቂት ሴራሚክ በጥንቃቄ ነቅሎ በሚታየው ቦታ መተካት፣ በማይታየውም ሌላ ማድረግ ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ግን የሚመስል ቀለም ከመፈለግ ይልቅ ፈጽሞ የተለየ ቀለም በመሥመር ማስገባት ይመረጣል፤ በጥቂቱ የሳተ ቀለም ስሕተት ይመስላል፤ በብዙ የተለየ ግን ታስቦ የተደረገ ጌጥ ይመስላል።

4ኛ/ ስለ ጽዳትና ስለ ጥገና፤ ሕይወትን ስለሚነካው ጥንቃቄ

የቆየ ኢናሜል በሚቧጭር ዱቄት፣ በሽቦ ወይም በአሲድ አይታጠብም፤ ኮምጣጤም ቢሆን ብዙ ሲቆይበት ወዙን ይበላዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ጨርቅ ይበቁታል።

ወዙ ፈጽሞ ያለቀ ገንዳ በአዲስ ልባስ ሊቀባ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚረጭ ቀለም እንጂ እንደ መጀመሪያው በእሳት የተጋገረ ኢናሜል ስላልሆነ፣ ሻጭ «እንደ አዲስ ይሆናል» ብሎ ማታለል የለበትም። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የድሮውን ልባስ ለመላጥ አንዳንድ ሠራተኞች ሜቲሊን ክሎራይድ በሚባል ኬሚካል ይጠቀሙ ነበር። የዚህ ኬሚካል ትነት ከአየር ስለሚከብድ በገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውንም ሰው ያፍነዋል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች በ2012 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ ከ2000 እስከ 2011 ዓ.ም. ቢያንስ 13 ገንዳ የሚያድሱ ሠራተኞች በዚሁ ምክንያት መሞታቸው ታውቋል። የዚያው አገር መንግሥት በ2019 ዓ.ም. ይህ ኬሚካል ያለበት የቀለም መላጫ ለተራ ገዢ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ በመደብሩ ጓዳ የቆየ ቆርቆሮ ያገኘ ነጋዴ ለትንሽ ትርፍ ብሎ ለደንበኛው እንዳይሰጥ፣ ቤቱን የሚያሳድስ ሰውም ሠራተኛው በምን እንደሚልጥ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ይገባል።

በአሜሪካ ከ1978 ዓ.ም. በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የግድግዳው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ወዙ ካለቀ የጥንት ገንዳም እርሳስ ሊወጣ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሳይመረመር መፋቅም ሆነ መታጠብ አይገባም።

5ኛ/ ስለ ውሃ ወጪ

ስለ ጥንቱ ዕቃ እውነቱን የሚናገር ሰው ጉድለቱንም አይሸሽግም። በአሜሪካ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የቤት የሽንት ቤት መቀመጫ በአንድ ጊዜ ከ6 ሊትር የበለጠ ውሃ እንዳያፈስ ተወስኗል። የቀድሞው ግን 13 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈሳል። በቀን 20 ጊዜ በሚጠቀም ቤተ ሰብ ልዩነቱ 140 ሊትር፣ በዓመት 51,100 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ውሃ ውድ በሆነበት ስፍራ ገንዳውንና የእጅ መታጠቢያውን አቆይቶ መቀመጫውን ብቻ በዝሆን ጥርስ መልክ መለወጥ አስተዋይነት ነው። የተነሣውም ሳይሰበር ለአሮጌ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ይሸጥ፤ የጎደለበትን ለማሟላት የሚፈልግ ሰው አይታጣምና።

ማጠቃለያ

ወደዚያ ወደ ሮዝ መታጠቢያ ቤት እንመለስ። ነጋዴው ማግኔቱን አድርጎ ገንዳው ወፍራም ብረት፣ ግድግዳውም ደረቅ መሆኑን ቢያረጋግጥ፣ የሚያስፈልገው ጎሚኒና የሴራሚክ መሙያ መለወጥ፣ ከሴራሚኩ በላይ ያለውን ግድግዳ በለስላሳ ነጭ መቀባት፣ ሞቅ ያለ አምፖልና ወይን ጠጅ ፎጣ መግዛት፣ እንደ አስፈላጊነቱም መቀመጫውን መተካት ነው። ግድግዳው እርጥበት የበላው፣ ሸክላውም የተሰነጠቀ ሆኖ ቢያገኘው ግን ሠራተኛው የመከረው እውነት ነው፤ ያለ ጸጸት ያስነቅለው።

ዕቃ ሻጩም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ሙሉውን አዲስ ዕቃ የሸጠ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ያተርፍ ይሆናል። የሚበቃውን ብቻ ሸጦ ሌላውን «ይቆይ» ብሎ የመከረ ግን ደንበኛው ለሌላው ሥራ ሁሉ ወደርሱ ይመለሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በመዶሻ የተሰበረ ሸክላ ግን ተለቅሞም አይገጥምም።