ቤት ሠሪው በሁለት ደንቦች መካከል

የምሕንድስና ተማሪ ስለ ሕንፃ ደንብ ሲጠየቅ የግድግዳውን ውፍረትና የሽቦውን መጠን ይነግረናል። የሕግ ተማሪ ሲጠየቅ ደግሞ ማን እንደሚፈርምና ማን እንደሚከሰስ ይነግረናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ቤት የሚሠራው ተቋራጭ ሁለቱንም ባንድ ቀን፣ ባንድ ውል ላይ ስለሚያገኛቸው ለየብቻ ማጥናታችን ብዙ ነገር ይሰውርብናል። ይህን ለማሳየት የመረጥኩት የአሜሪካዋን ካሊፎርኒያ ነው፤ የቤቶችን የኃይል አጠቃቀም በደንብ በመወሰን ከቀደሙት አንዷ ስትሆን፣ ለተቋራጮች የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤቷም ከ1929 ጀምሮ የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የካሊፎርኒያ የኃይል ኮሚሽን የተቋቋመው በ1974 በወጣ ሕግ ነው፤ ጊዜው የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ያስጨነቀበት ጊዜ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ኮሚሽኑ የቤቶችን የኃይል ቁጠባ ደንብ በየሦስት ዓመቱ ያድሳል። አገሩ ከባሕር ጠረፍ እስከ በረሃ የተዘረጋ በመሆኑ በ16 የአየር ጠባይ ቀጣናዎች ተከፍሏል፤ ስለዚህ ባንዱ ቀጣና የሚበቃው የጣራ ሙቀት መከላከያ በሌላው ላይበቃ ይችላል። አንድ ሥራ በየትኛው ዘመን ደንብ እንደሚመራ የሚወስነው ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ የገባበት ቀን ነው። ማመልከቻው በዲሴምበር 31 ቀን 2022 ከገባ በአሮጌው፣ በማግሥቱ ከገባ በአዲሱ ደንብ ይታያል ማለት ነው። በመስከረም ዋጋ የሰጠና በጥር ማመልከቻ ያስገባ ተቋራጭ የሰጠው ዋጋ ለሌላ ቤት የተሰላ ሆኖ ያገኘዋል።

ደንቡ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ይናገር የነበረው በይበልጥ ስለ ግድግዳ፣ ስለ መስኮትና ስለ ጣራ ነው፤ ይህም አናጢውና ግንበኛው የሚያውቁት ሥራ ነው። በቅርቡ ግን ጉዳዩ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ መኪና ዞሯል። ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አዲስ መኖሪያ ቤት በጣራው ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ቤት የጋዝ ምድጃ የሚያስገባ ሰው እንኳ ወደፊት ለሚመጣው የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለ 240 ቮልትና ባለ 50 አምፔር መስመር አስቀድሞ እንዲዘረጋ ታዘዘ። ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያም በደንቡ ውስጥ ተመራጭ ቦታ አገኘ፤ ይኸውም በብርድ ወራት ሙቀትን ከውጭው አየር ወስዶ ወደ ቤት የሚያስገባ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ ገልብጦ የሚያስወጣ መኪና ነው።

ኮሚሽኑ የ2020ውን ደንብ ሲያጸድቅ ባወጣው ስሌት መሠረት ለቤት ገዢው የወር የብድር ክፍያ 40 ዶላር ያህል ይጨምርበታል፤ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣና ለመብራት የሚያወጣው ግን በወር 80 ዶላር ያህል ይቀንስለታል። ስሌቱን አልነቅፍም። የባለቤቱ ስሌት ነው እንጂ የሠሪው አይደለም ማለቴ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሙያ ፈቃዱ እንምጣ። በካሊፎርኒያ ተቋራጭ ለመሆን በሙያው የአራት ዓመት ልምድ፣ የሕግና የሙያ ፈተና እንዲሁም የዋስትና ገንዘብ ያስፈልጋል። ዋስትናው እስከ 2022 መጨረሻ 15,000 ዶላር ነበረ፤ ከ2023 ጀምሮ 25,000 ሆኗል። ፈቃዱም በየዘርፉ ተከፋፍሏል፤ ኤሌክትሪክ ሲ-10፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲ-20፣ የውኃ ቧንቧ ሲ-36 ይባላሉ። በ2021 ቢ-2 የሚባል አዲስ ፈቃድ ተጨመረ። ዓላማው መልካም ነበር። የቆዩ ቤቶችን በማደስ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ነገር ግን ቤትን ከመሠረቱ የማዋቀር ልምድ ስላልነበራቸው አጠቃላይ የሕንፃ ፈቃድ ያላገኙ ሰዎች በሕጋዊ በር እንዲገቡ ነው። ይሁን እንጂ የቢ-2 ባለፈቃድ የኤሌክትሪክን፣ የቧንቧንና የማሞቂያን አውታር በራሱ ሊተክል ወይም ሊተካ አይችልም፤ የየዘርፉን ፈቃድ መያዝ ወይም ባለፈቃዱን በንዑስ ተቋራጭነት መቅጠር አለበት።

እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ለትንሹ ሰው በር ሲከፍትለት፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ሥራውን ከበሩ ውጭ ወዳለው ዘርፍ ያሸጋግረዋል። ማንም ይህን አስቦ ያደረገው አይመስለኝም።

ምሳሌ እናስብ። በሳክራሜንቶ ከተማ የቢ-2 ፈቃድ ያለው አንድ ሰው የአንዲት አሮጌ ቤት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ለማደስ፣ የጋዝ ማሞቂያውንም አውጥቶ በሂት ፓምፕ ለመተካት ተዋዋለ እንበል። ቁም ሣጥኑ፣ የወለል ንጣፉ፣ ቀለሙና በሮቹ የእርሱ ሥራ ናቸው። መኪናው ግን የሲ-20 ነው፤ መስመሩ የሲ-10 ነው፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥኑ ትንሽ ከሆነ እርሱም መለወጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይመጣል። ሲ ኤፍ 1 አር የተባለው ቅጽ ሥራው ሳይጀመር ደንቡን እንደሚያሟላ ያስረዳል፤ ሲ ኤፍ 2 አርን የተከለው ሰው ይፈርምበታል፤ ሲ ኤፍ 3 አርን ደግሞ ከተቋራጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መርማሪ ለክቶ ይሞላዋል። የአየር ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ ከሆኑ ከሚነፍሰው አየር ከመቶ 5 እጅ በላይ እንዲያፈስሱ አይፈቀድም። ቱቦው ቢያፈስስና ኮርኒሱ ተዘግቶ ቢሆን፣ ኮርኒሱን የሚያፈርሰውና መልሶ የሚዘጋው ማን ነው? በውሉ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ የቆመው ዋና ተቋራጭ መሆኑ አይቀርም።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ሕግ የቤት ማሻሻያ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ ከመቶ 10 ወይም ከ1,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይወሰዳል። ልዩ የሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያስገቡ ተቋራጮች ብቻ ከዚህ ነጻ ናቸው። ሕጉ የቤት ባለቤቶችን ገንዘብ ተቀብሎ ከሚጠፋ ተቋራጭ ይጠብቃል፤ ይገባልም። ነገር ግን መኪናው ከብዙ ሺህ ዶላር በታች አይገዛም። ስለዚህ ትንሹ ተቋራጭ መሣሪያውን በራሱ ብድር ገዝቶ፣ ተተክሎ እስኪታይለት ድረስ ይጠብቃል። በአንድ ፕላን መቶ ቤት የሚሠራው ትልቅ ኩባንያ የወረቀቱን ድካም ለመቶ ያካፍለዋል፤ የእኛ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ቤት እንደ አዲስ ይከፍላል።

ሥራውን በድብቅ ልሥራው ቢልስ? በዚህ ረገድ ሕጉ ጨካኝ ነው። በሥራው ዘመን ሁሉ ተገቢው የሙያ ፈቃድ ያልነበረው ተቋራጭ ክፍያውን በፍርድ ቤት መጠየቅ አይችልም። ከዚህም አልፎ ባለቤቱ አስቀድሞ የከፈለውን ሁሉ እንዲመልስለት ሊከሰው ይችላል፤ ሥራው አምሮ ያለቀ መሆኑም መከላከያ አይሆነውም። ከ2025 ጀምሮ ያለ ሙያ ፈቃድ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ጣሪያ ከ500 ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ሆኖም ሥራው የግንባታ ፈቃድ የማያስፈልገው፣ ሠሪውም ሌላ ሠራተኛ የማይቀጥር መሆን አለበት። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመርም ሆነ ማሞቂያ መተካት የግንባታ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ይህ ማሻሻያ ከኃይል ደንቡ ጋር ለተያያዘ ሥራ የሚፈይደው የለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሔው ደንቡን ማላላት ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሙቀት የማያፈስስ ቤት ለደሃው ተከራይ ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል፤ የመብራት ሂሳቡን የሚከፍለው እርሱ ነውና። ጉድለቱ የሚታየኝ በሰዓቶቹ አለመጣጣም ነው። ደንቡ በየሦስት ዓመቱ ይለወጣል፤ የሙያ ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ በጊዜው ለሚያድስ ሰው ግን እድሳቱ ክፍያና ዋስትና እንጂ አዲስ ፈተና አይጠይቅም። በ2005 ተፈትኖ ያለፈ ሰው ስለ ሂት ፓምፕ የሚያውቀው ከሻጩ የሰማውን ብቻ ሊሆን ይችላል። አላዋቂነቱም የሚገለጥበት ቦታ የመርማሪው መለኪያ ፊት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መኪናው ተገዝቷል።

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በ2025 ባወጡት ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የመኖሪያ ቤት ደንቦች ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 1 ቀን 2031 እንዳይለወጡ አግደዋል። ዓላማው የቤት ሥራ ወጪ እንዳይንር ነው። ከእገዳው አስቀድሞ የጸደቀው ደንብ ግን በጃንዩዋሪ 1 ቀን 2026 ሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ ተቋራጩ የቆመው በአሮጌው ላይ ሳይሆን በአዲሱ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያጠናል፤ ይህ ቀላል ዕረፍት አይደለም። የቢ-2 ባለፈቃድ ግን በዚህ ዘመን ሁሉ መኪናውን ለመትከል ሲ-20ን፣ መስመሩን ለመዘርጋት ሲ-10ን መጥራቱ አይቀርለትም፤ እገዳው የኃይል ደንቡን እንጂ የሙያ ፈቃዱን ድንበር አልነካምና።