ሁለት ፊደል በአንድ ታፔላ፤ አዲሱ ማተሚያና ንድፍ አውጪው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከሚሴ ሲደርስ በሁለት ፊደል የተጻፉ ታፔላዎችን ይመለከታል፤ ኦሮምኛው በቁቤ፥ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ታፔላ የሚነድፍ ሰው ሁለቱን ፊደላት የማስማማት ግዴታ አለበት።

ግዴታው ቀላል አይደለም። «ምግብ ቤት» ብሎ ለመጻፍ 5 ፊደል ይበቃል። ይህንኑ በኦሮምኛ «መነ ኛታ» ለማለት ግን ቁቤው 11 ፊደል ይፈጃል፤ ይኸውም አናባቢው ራሱን ችሎ ስለሚጻፍ፥ ድምፁ ሲረዝም ስለሚደገም፥ «ኘ»ም በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ነው።

ይህን በእጅ የሚሠራው ታፔላ ጻፊ ቆርቆሮውን ቀብቶ በጠመኔ ካሰመረ በኋላ፥ ረጅሙን ቃል ጠበብ፥ አጭሩን ሰፋ እያደረገ በብሩሽ ያመጣጥነዋል። ሁለቱም ፊደላት ከአንድ እጅና ከአንድ ብሩሽ ስለሚወጡ ውፍረታቸው ይመሳሰላል።

የባነር ማተሚያ መኪና ግን ሥራውን ለወጠው። መኪናው በኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ንድፍ ተቀብሎ ቀለሙን በጥቃቅን ነጠብጣብ እየረጨ በፕላስቲክ ሸራ ላይ ያትማል፤ የእርሳስ ፊደል መልቀም የለ፥ የዚንክ ሰሌዳ የለ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ቢታዘዝም አያስቸግርም። ከዚህም የተነሣ ንድፍ አውጪው ፊደል መሥራቱን ትቶ ፊደል መራጭ ሆነ።

መምረጥ የሚቻለው ግን ምርጫ ሲኖር ነው። ለላቲን የተዘጋጀው የፊደል ቅርጽ በሺህ ይቆጠራል፤ የግዕዙ ጥቂት ነው። ለላቲን 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ፊደላት መሳል መሠረቱን ሲያስጨርስ፥ ለግዕዝ ከ200 በላይ መሳል ያሻል። ደግሞም ግዕዝ በዩኒኮድ የጋራ ቍጥር ያገኘው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ቁቤው ወፍራምና ያማረ ሆኖ፥ አማርኛው ለመጽሐፍ በተሠራ ቀጭን ፊደል ታትሞ ማየት የተለመደ ነው። ቦታው አልሞላ ሲል ንድፍ አውጪው ፊደሉን በማውዝ ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ያን ጊዜ ቋሚው መስመር ሲወፍር አግዳሚው እንደ ቀጠነ ይቀራል። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው ደግሞ ያችው ቀጭን አግዳሚ ጭረት ናት! በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ እንዴት ይለያት? በዚያም ላይ ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ባለቤት፥ አንዱ እንግዳ መስሎ ይታያል፤ ይህም ሁለቱም ለሚነገሩበት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ምርጫው ጠባብ ስለ ሆነ ንድፍ አውጪው በግዕዙ ይጀምር፤ ውፍረቱን ካየ በኋላ ለዚያ የሚስማማውን ከላቲኑ ብዛት ይፈልግ። ረጅሙንም ቃል ከመጭመቅ ይልቅ የራሱን መስመር ይስጠው፤ ሸራውን አንድ ክንድ ማስረዘም ለዚህ መኪና ምንም አይከብደውም።