የቶርኖ ማሽን ቱል ሆልደር አሠራር

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቱል ሆልደር መቁረጫውን ከመያዝ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ሽማግሌው፦ ሁለት ሥራ አለው ልጄ። መቁረጫው እንዳይርገበገብ አጥብቆ ይይዛል፤ ጫፉንም ከማሽኑ መሐል መስመር ቁመት ጋር ያስተካክላል። የሚላጥ ብረት ፊቱ ሲስተካከል መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ከቀረ ጫፉ ከፍታውን ስቷል ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ገዝቶ መጠቀም አይቀልም?

ሽማግሌው፦ ከሰቆጣ መርካቶ ሩቅ ነው። ደርሶ የተገዛውም ለሌላ ማሽን ቁመት የተሠራ ከሆነ ከሥሩ ላሜራ መደርደር ይጠይቃል። የተደራረበ ነገር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት እንደተፈለፈለ፣ ጥሩ መያዣም ከአንድ ብረት ቢወጣ ይመረጣል።

ወጣቱ፦ ለየትኛው ሥራ የሚሆነው ነው የሚቀድመው?

ሽማግሌው፦ ቀዳዳ ማስፊያ ዘንግ የሚይዘው ይቅደም፤ የወፍጮ ቡሽንግ ውስጡ የሚስተካከለው በእሱ ነውና። ቱል ፖስቱ፣ ማለትም መቁረጫ የሚታሰርበት የማሽኑ ክፍል፣ ከሚቀመጥበት ገጽ እስከ መሐል መስመር ያለው ከፍታ 30 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 80 በ80 የሆነና 60 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ለስላሳ ብረት ይዘጋጃል። ከአንዱ ጎን 20 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ለማሰሪያው ብሎን ከላይ ወደ ታች ይበሳል። ከዚያ ቱል ፖስቱ ተነሥቶ ብረቱ በቦታው ይታሰራል።

ወጣቱ፦ የዘንጉ ቀዳዳስ በትራፓኖ ይበሳል?

ሽማግሌው፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መብሻው በሚዞረው ቻክ ላይ ይታሰራል፤ ብረቱ ደግሞ በተንሸራታቹ ካሬጅ ወደ መብሻው ይገፋል። ቀዳዳው ከማሰሪያው ብሎን መሐል 35 ሚሊሜትር እንዲርቅ ወደ ጎን የሚሄደው ክሮስ ስላይድ ተስተካክሎ ይቆለፋል። መጀመሪያ በሴንተር ድሪል ይመታል፤ ቀጥሎ በ6፣ በ12 እና በ19.5 ይበሳል፤ በመጨረሻ በ20 ሚሊሜትር ሪመር ይለሰልሳል። መብሻው የሚዞረው በማሽኑ መሐል መስመር ላይ ስለሆነ የቀዳዳው ቁመት ሳይለካ ልክ ይመጣል።

ወጣቱ፦ ዘንጉ በምን ይጠብቃል?

ሽማግሌው፦ ከላይ በሁለት ኤም 8 ብሎን። ለጥርሱ መጀመሪያ በ6.8 ሚሊሜትር ይበሳል። ብሎኖቹ የሚያርፉበት የዘንጉ ጀርባ በሞረድ ጠፍጠፍ ይላል፤ ይህም ዘንጉ እንዳይዞር ያደርጋል። ጫፉ አጠገብ፣ ከጠፍጣፋው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በዘንጉ ወርድ ይወጣል። መቁረጫው እዚያ ገብቶ ከፊት በኤም 6 ብሎን ይታሰራል። የመቁረጫው ጫፍ ላይኛው ግማሽ ሲሳል ፊቱ መሐል መስመር ላይ ያርፋል።

ወጣቱ፦ የተሰበረ መብሻ ለመቁረጫነት ይሆናል?

ሽማግሌው፦ ሃይ ስፒድ ስቲል ከሆነ ይሆናል። እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲግል ጥንካሬውን አይለቅም፤ ተራ የካርቦን ብረት ግን ከ250 ገደማ ካለፈ ይለሰልሳል። የብዙ መብሻ እጀታ ለስላሳ ብረት ስለሆነ በግራይንደር መፈተን አለበት። የሃይ ስፒድ ብልጭታ ደብዛዛ ቀይና አጭር ነው፤ የካርቦን ብረት ብልጭታ ግን ነጣ ብሎ እንደ ኮከብ ይፈነዳል።

ወጣቱ፦ ዘንጉ ምን ያህል ወደ ውጭ ይውጣ?

ሽማግሌው፦ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 20 ሚሊሜትር ዘንግ ከ80 ሚሊሜትር በላይ ባይወጣ ይሻላል። ፍጥነቱም መጠን አለው፤ 40 ሚሊሜትር የብረት ቀዳዳ በደቂቃ 20 ሜትር እንዲቆረጥ ማሽኑ በደቂቃ 160 ጊዜ ገደማ ይዞራል።

ወጣቱ፦ ሌላ ማሽን ላይስ ይሠራል?

ሽማግሌው፦ ቁመቱ ካልገጠመ አይሠራም። እንዲህ ያለ መያዣ ልኩ የሚሆነው ለበሳው ማሽን ብቻ ነው።