ከመሬት በታች የሚቀበረው የብርሃን ገመድ፣ ቁፋሮውና ውሉ

ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ታዲያ ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ቆቦ የሚገባውን፣ ከዚያም በዋጃ ወደ አላማጣ የሚያልፈውን ጠመዝማዛ መንገድ ብርሃን እንዴት ሊከተለው ይችላል? መልሱ የሚገኘው በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የገመዱን ምንነት፣ የሚቀበርበትን ዘዴና የሥራውን ውል በአጭሩ ለማስረዳት የቀረበ ነው። ነገሩ የፊዚክስ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ዶማና አካፋ ይዞ ለሚቆፍረው ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

1ኛ/ ገመዱ ምንድን ነው?

ፋይበር ማለት ከንጹሕ ብርጭቆ የተሳበ ክር ነው። ውፍረቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከራስ ጸጉር ብዙም አይበልጥም። ክሩ ሁለት ክፍል አለው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት ውስጠኛው ብርጭቆና እሱን አቅፎ የያዘው ውጭኛው ብርጭቆ። ውስጠኛው ብርሃንን ከውጭኛው ትንሽ ይበልጥ ያዘገየዋል። በዚህም ምክንያት ጠርዙን ታክኮ የሚመጣ ብርሃን ወደ ውጭ አይወጣም፤ መስታወት እንደነካ ሁሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። እንዲህ እየተንጸባረቀ ጠመዝማዛውን ሁሉ ያልፋል። ነገር ግን ገመዱ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል።

ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም ብርጭቆ ለሩቅ መልእክት ሊያገለግል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1966 አስረዱ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው ክር ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚያደርሰው ከገባው ብርሃን ሁለት በመቶ ያህሉን ነበር። ያም እንኳ ትልቅ ድል ተባለ። ዛሬ ጥሩ ክር በዚያው ርቀት 95 በመቶ ያህሉን ያደርሳል፤ ብርሃኑ በግማሽ የሚቀንሰው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ ነው።

በአገራችን ዋና ዋናዎቹ የፋይበር መስመሮች በስፋት የተዘረጉት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ ነው። ኮርፖሬሽኑ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ተተክቷል።

2ኛ/ እንዴት ይቀበራል?

ሀ/ በመጀመሪያ መስመሩ ይጠናል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ለመስኖ የተዘረጉ የውኃ ቱቦዎች ስላሉ፣ መሬት ውስጥ ያለውን ሳይጠይቁ መቆፈር የአንዱን ሥራ ለሌላው ማፍረስ ነው።

ለ/ ቀጥሎ ቦዩ ይቆፈራል። ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ነው። የራያ ቆላ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከቱቦው ሥርና በላይ አሸዋ ወይም የተነፋ ለስላሳ አፈር ይደረጋል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች ደግሞ በበጋ ውኃቸው ቢያንስም የክረምት ጎርፋቸው አልጋቸውን ጠርጎ ይወስዳል። በነዚህ ቦታዎች ገመዱ በድልድይ ላይ በብረት ቱቦ፣ አለዚያም ከወንዙ አልጋ በታች በኮንክሪት ተሸፍኖ ማለፍ ይኖርበታል።

ሐ/ የፕላስቲክ ቱቦው ይዘረጋና አፈር ይለብሳል። ሙሉ በሙሉ ከመደፈኑ በፊት ከላዩ የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይነጠፋል፤ ወደፊት የሚቆፍር ሰው ገመዱን ሳይነካ ጥብጣቡን ያገኘዋል።

መ/ ገመዱ በአየር ግፊት ኃይል በቱቦው ውስጥ ይነዳል። ጫፎቹ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጠው ይጋጠማሉ፤ በመጨረሻም መስመሩ በመሣሪያ ይለካል።

3ኛ/ ውሉስ?

የቁፋሮ ሥራ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በሜትር ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው ርዝመትን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ጥልቀቱን የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ የደፈነም፣ 1.20 ቆፍሮ የደከመም እኩል ይከፈላቸዋል። አፈር ከለበሰ በኋላ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ጎርፍ ወይም ማረሻ ሲደርስበት ነው። ስለሆነም ጥሩ ውል «ጥልቀቱ ሳይለካና ተቆጣጣሪ ሳይፈርም ቦዩ አይደፈን» ይላል።

ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያም ወደ ካቦ እየወረደ ነው ቆፋሪው ዘንድ የሚደርሰው። በያንዳንዱ ደረጃ ዋጋው ይሸራረፋል። ቆፋሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ የዋልካውና የድንጋያማው መሬት ዋጋ አንድ ነው ወይ? ዶማና ድጅኖ የሚያቀርበው ማን ነው? መልሶ መድፈኑ በዋጋው ውስጥ ይካተታል? ክፍያው መቼ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ማንበብ የሚችል ሰው ይህን ወረቀት ይጠይቃል፤ የማይችለው ግን ካቦው ያለውን ይቀበላል። እንግዲህ የመምህርነት ሥራችን እስከ ቦዩ አፍ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

የገበሬውም ነገር አይረሳ። ማሽላው ሳይሰበሰብ በማሳ ውስጥ ቦይ ማውጣት ጉዳት ነው፤ ቁፋሮው ከአዝመራ በኋላ እንዲሆን፣ ለጠፋ ሰብልም ካሳ እንዲከፈል አስቀድሞ መስማማት ያሻል።

4ኛ/ ማጠቃለያ

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፣ እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ወራት እንዳለፉ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የመስመር ዋጋ በብር ብቻ የማይተመነው ለዚህ ነው። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 አለ። ሆኖም አዋጁን ከማወቅ በፊት ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው አንድ ቀላል ነገር አለ፤ መልእክቱን የሚያደርሰው ክር ብርጭቆ እንጂ መዳብ አይደለም። መዳብ አገኛለሁ ብሎ የሚቆርጥ ሰው አገር ያቋርጣል እንጂ ለራሱ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ለክፍል መልመጃ

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቆቦ የተላከ ብርሃን ገመዱ የተበጠሰበት ቦታ ነክቶ በ0.0002 ሴኮንድ ቢመለስ ብልሽቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? (ፍንጭ፦ ጉዞው ደርሶ መልስ መሆኑን አትርሱ።) መልስ፦ 20 ኪሎ ሜትር።