ስለ ሰናመኪ

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት እናቴ የሆድ ድርቀት ስላለባቸው፥ ኹለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የሰናመኪ ቅጠል በጣታቸው ቆንጥረው በፍል ውኃ እየዘፈዘፉ ይጠጣሉ። አሁን አንድ ሲኒ አልበቃ ብሏቸው ኹለት ኾኗል፤ ሌሊትም የእግራቸው ጡንቻ ይሸማቀቃል። እኅቴም ለመክሳት ብላ አብራቸው ጀምራለች። «ቅጠል ምን ይጎዳል?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

መልስ፦ ከአተርና ከባቄላ ወገን የኾነው ይህ የቆላ ቍጥቋጦ መድኃኒትነቱ የታመነ ስለ ኾነ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገቡ አስገብቶታል፤ ዳሩ ግን ጥፋቱም የሚመጣው መድኃኒት መኾኑ ተረስቶ እንደ ሻይ ሲጠጣ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሴኖሳይድ የተባለው ነገር ጨጓራንና ቀጭኑን አንጀት ሳይለወጥ አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ፥ በዚያ የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን ይፈቱታል፤ ያን ጊዜ አንጀቱን እየቀሰቀሰ፥ ውኃውም ወደ ሰውነት እንዳይመጠጥ እየከለከለ ያስቀምጣል። ይህም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ስለሚፈጅ፥ በኹለት ሰዓት ውስጥ ምንም አላየሁም ብሎ ሲኒውን የሚደግም ሰው ሌሊቱን በቍርጠት ሲገላበጥ ያድራል። (ሽንት ወደ ቀይ ቢያደላ ግን የቅጠሉ ቀለም ነውና አያስደነግጥም።)

የእኅትዎም ነገር ከዚሁ ይታወቃል፤ ምግብ የሚመጠጠው አስቀድሞ በቀጭኑ አንጀት ስለ ኾነ፥ ሰናመኪው ሥራውን ሲጀምር እንጀራው ከደም ገብቷል። ከሚዛኑ ላይ የጎደለው ውኃ ነው፥ እርሱም በኹለት ብርጭቆ ይመለሳል።

የእናትዎ ግን ያሳስበኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ሳምንት በላይ መውሰድ የማይገባውን ኹለት ዓመት ሲወስዱ፥ ጡንቻና ልብ የሚሠሩበት ፖታሲየም ከተቅማጡ ጋራ ሊያልቅ ይችላል፤ የእግራቸው መሸማቀቅ ከዚህ እንደ ኾነ በደም ምርመራ ይታወቃል። ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ወይም ለልብ ዲጎክሲን የሚወስዱ ከኾነ ምርመራው ለነገ አይባልም። ድርቀቱንም ራሱን ያመጣው የብረት ክኒን ወይም እንደ ኮዴይን ያለ ማስታገሻ ሊኾን ስለሚችል፥ የሚውጡትን ኹሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ በዐይነ ምድራቸው ደም ታይቶ ወይም ያለ ምክንያት ከስተው እንደ ኾነም ሳይሸሽጉ ይንገሩት። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም በተነሣ ጊዜ ደግሞ፥ ትርፍ አንጀት ወይም የአንጀት መዘጋት ሊኾን ይችላልና፥ ሰናመኪ ፈጽሞ አይቅመሱ።

ሲሄዱ ቅጠሉንም በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ፤ በገበያ ሰናመኪ ተብሎ የሚሸጠው ኹልጊዜ አንድ ተክል ላይኾን ይችላልና።