ኦቨን እስኪገዛ አትጠብቁ

ዱከም ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ሥጋ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ሥጋ ቤቶች በእንግዳ ይሞላሉ። ጣፋጭ ነገር ሲያምረን ግን ኬክ ቤት እንሄዳለን፤ ያውም ልደት ወይም ምርቃት ሲደርስ። በቤት የተጋገረ ጣፋጭ ከምሳ በኋላ ለቤተሰብ ማቅረብን ብዙዎቻችን “ሲደላን” ለሚባለው ቀን ቀጥረነዋል። ኦቨን ስንገዛ፣ ሰፊ ቤት ስንገባ፣ ሥራ ሲቀልልን።

ዛሬ ያንን ቀጠሮ አሰርዛችኋለሁ! የማሰርዘውም በክራምብል ነው። ክራምብል ከታች የተከተፈ ፍራፍሬ ያለበት፣ ከላይ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የታሸ ፍርፋሪ የሚነሰነስበትና በትኩሱ በማንኪያ የሚበላ ጣፋጭ ነው። ሊጥ መዳመጥ አያስፈልገውም፤ ክሬም መቀባት አያስፈልገውም፤ እንቁላል እንኳ አይጠይቅም።

እጥረት ያስለመደው ጣፋጭ

ክራምብል በብሪታኒያ በሰፊው የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1940 ቅቤና ስኳር በራሽን መታደል ጀመሩ። በፍራፍሬ የተሞላውን ፓይ ከላይም ከታችም በሊጥ መሸፈን ለብዙ ቤት የማይቻል ሆነ። የቤት እመቤቶቹ ጣፋጩን ከመተው ይልቅ ሊጡን ተዉት፤ ያለቻቸውን ጥቂት ቅቤ ከዱቄት ጋር አሽተው ፍሬው ላይ በተኑት። አጃ ያለው አጃ ጨመረበት። ራሽኑ እ.ኤ.አ. በ1954 አበቃ፤ ቅቤውም ስኳሩም እንደ ልብ ሆነ። ክራምብሉ ግን ከገበታው አልወረደም፤ ሰዉ ወዶት ነበርና።

ልብ በሉ! እነዚያ ሴቶች ጦርነቱ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ኖሮ ልጆቻቸው ጣፋጭ ሳይቀምሱ ባደጉ ነበር። እኛ ደግሞ ጎተራችን ከእነርሱ የተሻለ ሞልቶ ምን እንጠብቃለን?

መጀመሪያ ጓዳችሁን ቁጠሩ

ዱከም ያለችው በአድአ ምድር ነው፤ ማኛ ጤፉ አገር ያወቀው። ኦቨን በዱቤ ገዝቶ ለመጀመር ማሰብ፣ እዚህ ተቀምጦ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ካላችሁ ሲሶውን በጤፍ ዱቄት ተኩት። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ፍርፋሪው አይለጠጥም፤ ደረቅና ፍርክስክስ የሚል ይሆናል።

ፍራፍሬውን ከጉልት ፈልጉ። ልጣጩ የጠቆረ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ በጣም የበሰለ ማንጎ፣ በክረምት ኮክ፣ ሲገኝ የጨንቻ ፖም። ለዓይን የማያምረውና ሻጯ ዋጋ የምትቀንስለት ፍሬ ለክራምብል ይበልጥ ይጥማል፤ በደንብ የበሰለ ፍሬ ስኳር ስለሚበዛበት። የተበላሸውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉና ቀሪውን ክተፉት።

ለስድስት ሰው 1 ኪሎ ፍራፍሬ፣ 200 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ቅቤና 100 ግራም ስኳር ይበቃል። ሚዛን ከሌለ ስሌቱን በግምት ያዙ፤ በክብደት ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቅቤ፣ አንድ እጅ ስኳር። ቅቤው ለጋ ይሁን፤ በኮሰረት የተነጠረው ለወጥ ይቆይ። ፍሬው ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት፤ ቀረፋ ከሌለ ኮረሪማ አለ። የጾም ቀን ከሆነ በቅቤው ፋንታ ዘይት፣ መጠኑን ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ።

ቤተሰቡን አሰማሩ

ክራምብል ብቻውን የሚሠራ ሰው ሥራ አይደለም። አባት ማንጎውን ይላጥ፤ ቢላ መያዝ ሥጋ ሲቆረጥ ብቻ አይደለም! ልጆች እጃቸውን ታጥበው ቅቤውንና ዱቄቱን ያሹ። በጣት ጫፍ ብቻ መሆኑን ንገሯቸው፤ መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውም ይቀልጣል። ግማሹ እንደ አሸዋ የደቀቀ፣ ግማሹ ሽምብራ የሚያካክል ሲሆን በቃ ይባላል። ከዚያ በላይ ከታሸ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጥ ከሆነ ደግሞ ድርቅ ያለ ብስኩት እንጂ ፍርፋሪ አይወጣውም።

ይህቺ “በቃ” ለእኛ ለአዋቂዎቹም ትጠቅመናለች። ስንት ጥሩ ሐሳብ አለ፣ አሁንም ትንሽ እናሻሽለው እያልን በእጃችን ላይ ያደረቅነው!

እዚሁ ዱከም ባለው የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች በፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ፍርፋሪው አስቀድሞ ታሽቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። በእረፍት ቀናችሁ የሚቀረው ፍሬ መክተፍ ብቻ ነው።

እሳቱስ?

ኦቨን ያለው ስኳሩን ከፍርፋሪው ጋር ቀላቅሎ ፍሬው ላይ ይበትንና በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግረው፤ ፍርፋሪው ወርቃማ ሲሆንና የፍሬው ጭማቂ በጠርዝ በኩል ሲንተከተክ ደርሷል። የሌለው ሥራውን ይነጥለው። ፍሬውን በድስት፣ በለስላሳ እሳት አብስሉ። ዱከም ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ እንደ ፖም ያለ ጠንካራ ፍሬ ስለዚህ ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፤ አትቸኩሉበት። በቅቤ የታሸውን ዱቄት ደግሞ በመጥበሻ ወይም በምጣድ ላይ በዝግታ እያማሰላችሁ አብስሉ። ስኳሩን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል። ከዚያ ፍሬው ላይ በትኑት። መብራት ቢጠፋ በከሰል ይሠራል። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ሰጥተው በኮባ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ልጆች ነን፤ እሳትን ማስገደድ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም!

ሰዓቱ ቀድሞም የእኛ ነበር

“ከምግብ በኋላ ጣፋጭ መብላት ባህላችን አይደለም” የሚል አይጠፋም። ቡና ቁርስስ? ቆሎውና ፈንዲሻው በሚቀርብበት ረከቦት አጠገብ ክራምብሉም ቦታ አለው። ቡናው ሲቆላ ፍሬውን ጣዱ፤ አቦል ሲቀዳ አውጡት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲያርፍ ጭማቂው ይወፍራል፣ ምላስም አያቃጥልም። ቶና ሲደርስ በየሳህኑ ጨልፉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስልኩ ይቀመጣል፤ ልጁ “ፍርፋሪውን ያሸሁት እኔ ነኝ” ይላል፤ አያት ይመርቃሉ። ከኬክ ቤት በሣጥን የመጣ ኬክ ይህን ሁሉ ጨዋታ ይዞ አይመጣም።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ

ቅዳሜ ፍራፍሬ ግዙ፤ እሁድ ሥሩት። የመጀመሪያው ቢቀጥን በሚቀጥለው ፍሬው ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ነስንሱበት። ከልክ በላይ ቢጣፍጥ ስኳር ቀንሱ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሦስተኛውን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው “ሲደላን” ዙሩ። ኮምፒውተር እስኪገዛ የዘገየው ትምህርት፣ ሱቅ እስኪከራይ የቆመው ንግድ፣ ጊዜ እስኪገኝ ያልተደወለለት ዘመድ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዛሬ ጓዳዬ ውስጥ ካለው በምኑ ልጀምረው? መልስ አይጠፋም፤ ደብተርና እስክሪብቶ አለ፣ ደጃፍ ላይ የሚዘረጋ ጠረጴዛ አለ፣ የአምስት ደቂቃ ካርድ አለ። በእሱ ጀምሩ! እሁድ ስትጋግሩም ትንሽ አብዝታችሁ ሥሩና ለጎረቤት አንድ ሳህን ላኩ፤ ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃላችሁ።